የቤቴን በር ሰብረው ስላሟሉት ምልዓተ ጉባኤ

ፊላደልፊያ፣ ጥቅምት 1787

ለተከበሩ የምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤናዎ፣ ለጉሮሮዎና በተለይም ጠረጴዛ ለሚደበድቡበት መዶሻዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከምክር ቤቱ ጥቂት በሮች ፈንጠር ብሎ በሚገኘው ቤት እንግዳ እያሳደርኩ የምተዳደር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ክቡርነትዎ ቤቴን ባያውቁትም፣ ባለፈው ወር ሥራዎን ሊያግዙ የመጡት ሰዎች እስከ ጓዳው ድረስ ያውቁታል።

ነገሩን ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ ላድርገው። በበጋው ሙቀት መስኮት ዘግተው የመከሩት ጌቶች የጻፉትን አዲስ ሕገ መንግሥት ግዛታችን ይቀበል እንደሆነ የሚወስን ጉባኤ ይጠራ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ችኮላው ያልጣማቸው አባላት ቁጥሩ እንዳይሞላ ብለው በየማረፊያቸው ተሸሸጉ፤ ሁለት ሰው ጎደለ። ከጎደሉት አንዱ፣ ከተራራው ማዶ የመጡት ገበሬ አቶ ኢባን ክሬግሄድ፣ የእኔ እንግዳ ነበሩ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከወፍራም የባሉጥ እንጨት የሠራውን በር ይህን ሁሉ ዘመን በቁልፍ ስከፍት ስዘጋ ስኖር፣ በአንድ ትከሻ እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ ጎረቤቴ በርሜል ሠሪው ኦባዳያ ስፕራግ ነው፤ ፍርስራሹ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና «እትዬ ኬዚያ፣ እንዳይቀየሙን፤ ለአገር ነው!» አለኝ። «አገር እጅ የለውም? ማንኳኳት አቃተው?» ብለው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁርሱ። አቶ ኢባን የበቆሎ ገንፏቸውን በሸንኮራ ማር ለውሰው ገና መጉረስ ሲጀምሩ አራት ሰዎች በብብታቸውና በእግራቸው ይዘው አነሷቸው። «ልቀቁኝ! እኔ እዚህ የለሁም! ከተማውም ውስጥ የለሁም!» ሲሉ፣ ኦባዳያ «እሱን እዚያው ለአፈ ጉባኤው ይንገሯቸው፣ ጋሼ» አላቸው። ማንኪያዬም በእጃቸው እንዳለ አብሮ ሄደ፤ ድምፅ እንዳልሰጠ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበራቸው ላይ ከተተከሉ በኋላም፣ ለቀረ አባል የተደነገገውን ቅጣት ልክፈልና ልቅር ብለው ቢለምኑ ተመልካቹ የተቀመጠበት ሰገነት በሳቅ እንደተናጋ፣ ክቡርነትዎም ቁጥሩ ሞልቷል እንዳሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ፤ የሳቅሁት ግን ንፋስ በሚያስገባ ባዶ መቃን ሥር ቆሜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰፈሩ ዘበኛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲሮጥ ደርሶ በሩን ክፍት አድርጌ በመተዌ ገሠጸኝ። ለትጋቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ላይ ቀልዴ ያልቃል። በዚያው ሳምንት የቀሩት እንግዶቼ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጡ። አንደኛው፣ ደግ ሰው፣ «እትዬ፣ ምግብዎስ ግሩም ነበር፤ ግን ሰው ሳይጨርሰው ይወሰዳል» ብሎኝ ሄደ። ክረምቱን እንግዳ ካላገኘሁ በጸደይ ይህ ቤት የሌላ ሰው ነው፤ እኔም የሰው ቤት ጠራጊ እሆናለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ ፈርቼማለሁ። ሰው ከእኔ ዘንድ የሚያድረው ለገንፎው ብሎ አይደለም፤ በሩን ዘግቶ ስለሚተኛ ነው።

የበሩን ዋጋ አልጠይቅም። ይልቅ አዲሱን ሕገ መንግሥት በጋዜጣ ሁለቴ አንብቤ ወድጄዋለሁ። ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱን ምክር ቤት ያያል፣ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ያያል፣ ዳኞቹ ሁለቱንም ያያሉ፤ ምክር ቤቱም አንዱ ሲቸኩል ሌላው እንዲያቀዘቅዘው ለሁለት ተከፍሏል። እኔም የጓዳዬን ቁልፍ ለወጥ ቤቷ አልሰጥም፤ ስለዚህ ብልሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሁሉም እርስ በርስ ሲተያዩ የእኔን በር የሚያይ አጣሁ። እባክዎ፣ ማንም ሰው ለአገር ብሎም ቢሆን ያለ ዳኛ ትእዛዝ የሰው በር እንዳይሰብር አንዲት መስመር ይጨመርልኝ። ይህንኑ ለኦባዳያ ብነግረው «ኧረ እትዬ፣ ይሄማ የታወቀ ነው፤ ምን መጻፍ ያስፈልገዋል?» አለኝ። ይህን ሲለኝ የሰበረውን በር ማጠፊያ ተንበርክኮ እየመታ ይጠግን ነበር።

ስለ ሕገ መንግሥቱ በጋዜጣ የሚከራከሩት ጌቶች ሁሉ በሞቱ ሮማውያን ስም በሚፈርሙበት በዚህ ወቅት፣ እኔ በሕይወት ባለች ሴት፣ በራሴ ስም በመፈረሜ ታላቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ዘወትር ትሑትና ታዛዥ፣ በሯ ግን ከእንግዲህ ለትከሻ የማይታዘዝ፣

ኬዚያ ሆልድክራፍት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያቺ መስመር ለውሳኔ በምትቀርብበት ዕለት እንደ ልማዱ ሰው ከጎደለብዎ በማንም በር ላይ አይድከሙ፤ አንድ ሰው ይላኩብኝ፣ መጎናጸፊያዬን ደርቤ እመጣለሁ። ሴት በምልዓተ ጉባኤ አትቆጠርም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ክቡርነትዎ፣ አራት ሰው ተሸክሞ ያመጣውን ከቆጠሩ፣ በገዛ እግሯ የመጣችውን መቁጠር ምኑ ይከብዳል?