የእማዬን ድራማ ማን አስሮጠው?

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

«ያንን ሰውዬ እግዜር ይስጠው፤ እሱ ባይኖር ማታ ማታ ግድግዳ ስናይ ነበር የምናመሸው» ብላ አንዲት ደንበኛ በስልክ ስታወራ ሰማሁና፣ ካውያዬን ሳላስቀምጥ «አሜን» አልኩ። በዚህ ዘመን ሰው በሌለበት ሲመረቅ መስማት ብርቅ ነው። ግማሽ ቀን ስለዚያ ደግ ሰውዬ ሳስብ ዋልኩ፤ ሸሚዞቹም ያን ቀን ከወትሮው ደህና ተተኮሱ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወደ ወሬ መሮጤን ይቅር በይኝ፤ እማዬ ብትሰማ «ሳይገባ የሚቀመጥ እንግዳ» ትለኝ ነበር። እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ትንጫጫለች ወይስ ዘይት አገኘች? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው፣ መኪናዋስ፣ ከሁለቱ ቀድሞ ወደ ጋራዥ የሚገባው ማነው? ልጆቹ በርትተዋል? እኔ ከሐሳብ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ሐሳቡም ዛሬ ቀሎልኛል፤ የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ያንቺ ስልክ ድምፅ ሳሎኑን አልፎ ጎረቤት ስለሚያዳርስ ነው። እማዬ በምትሰማበት ደግሞ ስለ እማዬ መነጋገር አይቻልም።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ የምታየው የዳቦ ቤት ድራማ ማታ ካቆመችበት በማግስቱ እንደማታገኘው፣ ሁለትና ሦስት ክፍል አልፎ እንደሚጠብቃት፣ እሷም «አይቼው ረስቼው ይሆናል» እያለች ዝም ማለት እንዳበዛች ጽፈሽልኛል። የጎረቤታችሁን ወገብ ለክታ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ተመልሳ እንደገና እንደለካችም ነግረሽኛል። አንቺም ደንግጠሽ መቀሷን ቁም ሣጥን ላይ ደበቅሽ፤ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ያዝሽ። አልፈርድብሽም። ግን ጨርቅ ቆርጣ ያሳደገችንን ሴት መቀስ መደበቅ ማለት የሾፌርን መሪ ነቅሎ «አሁን እንደልብህ ንዳ» እንደማለት ነው፤ ካላመንሽ ጋሼን ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ደጉ ሰውዬ ልመለስ። ደንበኛዋ የያዘችው ደረሰኝ የቧንቧ ሠራተኛው ነበር፤ ያ ከእኔ ጋር ክፍል ተጋርቶ የኖረው፣ ሚስት ሲያገባ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ የወጣው። ሴትዮዋ የሚስቱ እህት ናት። ኮቱን ይዛ ሱሪውን ረስታ ሄደች። ልብ በይልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሱሪ የሚያህል ነገር ረሳች፤ ሐኪም ቤት የወሰዳት ግን የለም።

ማምሻውን ራሱ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። እኔም በቅንነት፣ ቤተ ዘመዱ የሚመርቀው ደግ ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በሚያይበት ዓይን አየኝና «አንተ ነሃ!» አለኝ። ለካ ቴሌቪዥኑ ከቤታችን የወጣው ያ እናንተም የምታዩበት የኔ የፊልም አካውንት እንደተከፈተ ኖሯል። የሚስቱ ወገኖች ደግሞ በየቤታቸው ፓስወርዱን ሲጠይቁት ሰጣቸው። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው «ስታስገባ እኮ ጮክ ብለህ ነው የምትለው፤ ደግሞስ የእናት ስምና የተወለዱበት ዓመት ምን ይከብዳል?» አለኝ። በደግነቱ የማይጠረጠር ሰው ነው፤ በሰው ዕቃ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

ይህንስ ሳቅሁበት። ያላሳቀኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። አካውንቱ ሲከፈት የሁላችን ስም ተደርድሮ ይመጣል፤ ከላይ ያለው «እማዬ» የሚለው ነው። አማቱ ይህን አይተው «እኔም እናት ነኝ» ብለው እሱን ነኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእማዬ ስም እየገቡ ያንኑ የዳቦ ቤት ድራማ ያያሉ፤ ሴትዮዋ ደግሞ አንዴ ከተቀመጡ ሦስት ክፍል ሳይጨርሱ የሚነሱ አይደሉም። ካውያውን ከሶኬት ነቀልኩት። እትዬ፣ የሮጠው የእማዬ አእምሮ አይደለም፤ የሮጡት የቧንቧ ሠራተኛው አማት ናቸው።

በማግስቱ አርብ፣ ምክንያቱን ሳልነግርሽ ደውዬ አዲስ ፓስወርድ ፊደል በፊደል እንድታስገቢ ያደረግኩሽ ለዚህ ነበር። ሥራውን እንዴት እንደሠራሁ ልንገርሽ፤ ነገ በራስሽ ቤት ይጠቅምሻል። መጀመሪያ የነካሁት የኢሜይሌን ፓስወርድ ነው፤ የፊልሙ ድርጅት «ጠፍቶብኛል» ለሚለው ሁሉ መግቢያውን የሚልከው በዚያ ስለሆነ፣ እሱ ክፍት እያለ ሌላውን መቆለፍ ጓሮውን ትቶ የፊት በር እንደመዝጋት ነው። በዚያው ቀን «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ ፈጥነው ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር፤ አልነካሁትም። እንዲህ የሚያጣድፍ መልእክት ደግ ይዞ መጥቶ አያውቅም። በራሴ መንገድ፣ በመተግበሪያው ገባሁ።

ለአዲሱ ፓስወርድ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አራት ቃላት መረጥሁ፤ አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጡ የሚጫወቱት ወሬ የላቸውም። የማንም ስም፣ የማንም ልደት የለበትም፤ ለሌላ ለምንም አልተጠቀምኩበትም። ግን ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ የገባው ሰው ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ከሁሉም መሣሪያዎች አስወጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ሰዓት ሳይሞላ የቧንቧ ሠራተኛው ደወለ። «ወንድሜ፣ ቤቱ ጨለመ፤ አማቴ ሪሞቱን ይዘው እያዩኝ ነው» አለ። ቧንቧ ሲጠገን ዋናው መስመር እንደሚዘጋ ከእኔ ይልቅ እሱ እንደሚያውቅ ነገርኩት። ከዚያ እኔ ድራማውን እማዬ አቆምኩበት ወዳለችሽ ቦታ መለስኩላት።

ፓስወርዱን እዚህ አልጽፈውም። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሰው ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱን ግን በዚህ አልፈትነውም። አንቺም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቴሌቪዥኑ ጀርባ እንዳትለጥፊው። ለጥፈሽዋል፤ አውቅሻለሁ፤ አንሺው።

ውጤቱን ደግሞ ስሚ። ቅዳሜ እማዬ ራሷ ደወለችልኝ። ድምጿ ከወራት በፊት የነበረው ድምጿ ነው። ካቆመችበት አግኝታው አንድ ሙሉ ክፍል አይታለች። ሞተ የተባለው አጎት ድንገት ዳቦ ቤቱ ገብቶ፣ ወረፋውን ጥሶ፣ ሁለት ዳቦ ስጡኝ ማለቱን ነገረችኝና «አይ ሰው! ሞቶም ሰልፍ አይጠብቅም» ብላ ሳቀች። እትዬ፣ እስቲ ፍረጂ፤ ይህን ዓይነት ቀልድ የሚያወጣ ጭንቅላት ነው ሐኪም ቤት የሚጎተተው? ወገብ ሁለቴ መለካቷም ሌላ ነገር አይደለም። ትረሻለሽ የተባለ ሰው የራሱን እጅ መጠርጠር ይጀምራል፤ እንኳን እሷ እኔም «ይህን ሸሚዝ አልተኮስከውም» ብትዪኝ ደግሜ እተኩሰዋለሁ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሦስት ነገር አድርጊልኝ ብዬ ታላቄን ላዝሽ ነው፤ በዕድሜ ባልበልጥሽም ዛሬ በእውቀት በልጬሻለሁ፤ ይህ ደግሞ የሚደጋገም ዕድል አይደለም። ቀጠሮውን ሰርዢ። መቀሷን ከቁም ሣጥኑ አውርደሽ ራስሽ በእጇ ስጫት፤ ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ እንዳትሄጂ። የጎረቤታችሁም ቀሚስ ይቀጥል፤ ሴትዮዋ ወገቧ ሁለቴ ተለካ ብላ አትከስርም።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ፤ በመንገድ ሲሆኑ ስልክ አያንሱ፣ እኔም ብደውል አያንሱ። ያቺን አፈ ጉባኤ ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ፓስወርዱን ግን እንዳትነግሪያት፣ በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ዝምተኛውን ልጅሽን ደግሞ ደጋግመሽ ሳሚው፤ እሱ አውቆም አይናገርም። ለቀሚሷ ባለቤት ለጎረቤታችሁ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ለምን እንደሳምሻት ከጠየቀችሽ እንዲሁ በያት።

ሁሌም የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከተኩስ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ማክሰኞ ግንቦት 12

ይህን አሽጌው ነበር፤ መልሼ ከፈትኩት። ደብዳቤውን የሚወስደው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እማዬ አሁን ደወለችልኝ፤ ደስ ብሏታል። ትናንት ማታ ገና ያላየሁትን ክፍል አየሁ አለች። ሞተ የተባለው አጎት ድንገት ዳቦ ቤቱ ገብቶ፣ ወረፋውን ጥሶ፣ ሁለት ዳቦ ጠየቀ አለችኝ። ሞቶም ሰልፍ አይጠብቅም አለችና ሳቀች። አካውንቱን ከፍቼ አየሁት፤ ከእናንተ ቤት ቴሌቪዥን በቀር የገባበት የለም።