አዲሱን ጎሚኒ ያስቀመጡት የጋሽ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ለጋሽ ቆይ ይታዘዛል። ይህን ያሉት ሌላ ማንም ሳይሆን ራሳቸው ጋሽ ቆይ ናቸው፤ ያሉትም አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ታሪካቸው በራሳቸው ቃል ይጀመር ተብሎ በቤተሰቡ ተወስኗል። ከዚህ በታች ያለው ግን የሆነው ነው።

ጋሽ ቆይ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ በባቡር ሐዲድ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ናቸው። እናታቸው ይናገሩት እንደነበረው፣ ከቀናቸው ሁለት ሳምንት አሳልፈው ነው የመጡት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወደነበረው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አዲስ ደብተር ሲገዛላቸው አዲሱን አስቀምጠው በአሮጌው ኅዳግ ላይ ይጽፉ ስለነበር፣ መምህራቸው ጽሑፋቸውን ማንበብ አቅቷቸው በሒሳብ ሁለት ጊዜ ጥለዋቸዋል። ትምህርት ሲጨርሱ ምንም ያልተነኩ አሥራ አራት ደብተሮች ነበሯቸው። ደብተሮቹ እስካሁን አሉ። የልጅ ልጆቻቸው አንዱን እንኳ እንዲጽፉበት ተፈቅዶላቸው አያውቅም።

በ1961 ዓ.ም. በአውቶቡስ ድርጅት በረዳትነት ተቀጠሩ። በ1969 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው ከፋብሪካው እስከ ሆስፒታሉ በሚሄደው መስመር ላይ ሹፌር ሆኑ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲነዱ ሰው ገጭተው አያውቁም፤ አንድ የአበባ ማስቀመጫና አንድ የመንገድ ምልክት ሳይቆጠር ማለት ነው። የተቻኮለ ተሳፋሪ «ንዳው እንጂ!» ብሎ ሲጮህባቸው ቀና ብለው በመስተዋት እያዩ «ቆይ» ይሉ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ቤተሰቡም ሲሰማው ልክ ሆኖ ስላገኘው ተቀበለው።

በ1972 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ሙሽሪት ባሕር አይተው አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ከስፌት መኪናቸው በላይ ከተሰቀለ ካላንደር ላይ ነው። ጋሽ ቆይ በሠርጋቸው ዕለት በሰው ሁሉ ፊት «ባሕሩን በዓይንሽ አሳይሻለሁ» ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ ግን ቆይ ልጆቹ ይወለዱ፣ ቆይ ይደጉ፣ ቆይ የቤቱ ጣሪያ ይታደስ፣ ቆይ ጡረታ ልውጣ ሆነ። ልጆቹ ሦስት ሆነው ተወለዱ፣ አደጉ፣ አገቡ። ጣሪያው ታደሰ፤ ተመልሶም አረጀ። በ1996 ዓ.ም. ሹፌርነቱን ትተው በዚያው ድርጅት የመናኸሪያ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባሕሩ ባለበት ነበረ።

ስለ ቤታቸው አያያዝ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የቤታቸውን ሶፋ ጨርቅ ቀለም በእርግጠኝነት የሚያውቅ የቤተሰብ አባል የለም፤ ፕላስቲኩ ተነሥቶለት አያውቅማ።

በመስከረም ወር 2010 ዓ.ም. ጋሽ ቆይ ተንቀሳቃሽ ቤት ያላት አሮጌ የናፍታ መኪና ገዙ። ከኋላዋ የሚታጠፍ አልጋ፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃና ከሳህን የማይሰፋ የዕቃ ማጠቢያ አላት። ጎረቤት ቤቷን ተሸክማ ስትጎተት አይቶ ቀንድ አውጣ አላት። ባለቤታቸው በዚያው ሳምንት ለመስኮቶቿ መጋረጃ ሰፉላትና ሻንጣቸውን አሰናዱ። ሻንጣው ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተሰናድቶ ስንት ጊዜ እንደተፈታ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጉዞ ተደረገ። አርባ ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ቀንድ አውጣ ዳገት መሃል ተንተፋትፋ ቆመች። በሽንኩርት ጭነት መኪና ተጎትታ ተመለሰች። ጋሽ ቆይ ኮፈኑን ከፍተው ተመለከቱና ጥፋቱን ወዲያው አወቁ፤ የናፍታ ፊልትሮው ነው። በዚህ አልተሳሳቱም።

የናፍታ ፊልትሮ ማለት ናፍታው ሞተር ጋ ከመድረሱ በፊት ቆሻሻው የሚቀርበት፣ ከጣሳ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቀለበት፣ አለው። ጎሚኒው ሲደርቅ አየር ያስገባል፤ አየር ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። ይህች ነገር ናት እንግዲህ ቤተሰቡን ስድስት ዓመት ያንገበገበችው። አዲስ ፊልትሮ ሲገዛ ሁለት አዳዲስ ጎሚኒዎች አብረውት በካርቶኑ ውስጥ ይመጣሉ። ጋሽ ቆይ ፊልትሮውን ይቀይራሉ፣ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች በጨርቅ ወልወል አድርገው መልሰው ይገጥማሉ፣ አዲሶቹን ያስቀምጣሉ።

የእጅ ባትሪ ትይዝላቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ገና በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ «አባባ፣ አዲስ ጎሚኒ አለ እኮ ካርቶኑ ውስጥ» ብላ ነግራቸው ነበር።

«አየሁት» አሉ።

«ታዲያ ለምን አያስገቡትም?»

«ቆይ፣ ይኼ መች አለቀ? ባትሪውን አስተካክለሽ ያዢ።»

የሰፈሩ መካኒክም ነግሯቸዋል። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ ጎሚኒው ደርቋል። አየር እየሳበ ነው» አላቸው።

ጋሽ ቆይ ቀና ብለው፣ «ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አሉት።

«አውቶቡሱን የሚጠግነው ሌላ ሰው ነበር እኮ ጋሼ።»

ከመካኒኩ ጋር ስምንት ወር ሳይነጋገሩ ቆይተዋል።

በ2011 ዓ.ም. ቀንድ አውጣ እስከ አደባባዩ ድረስ ሄደች። ጥፋቱ የናፍታው ነው ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ከነዳጅ ማደያው አላለፈችም፤ ጥፋቱ በሩን ጠርቅሞ የዘጋው የሁለተኛው ልጃቸው ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ባለቤታቸው ለመለመን እንኳ ሰልችቷቸው ከኋላ አልጋው ላይ ወጥተው «ስንደርስ ቀስቅሱኝ» ብለው ተኙ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ነቅተው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ የገዛ ግቢያቸውን በር አዩ። «ደረስን?» አሉ። ጋሽ ቆይ ከኮፈኑ ሥር ሆነው፣ አሁንም ፊልትሮ እየቀየሩ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ የተቀየሩት ፊልትሮዎች አሥራ አንድ ደረሱ።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጋሽ ቆይ በኩላሊት ሕመም ታመሙ። በሕክምና ብዙ ተረድተዋል። ሆኖም በሚያዝያ ወር ሐኪሙ ልጆቻቸውን ለብቻ ጠርቶ የቀራቸው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር መሆኑን አስታወቀ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። ወደ ውጭ ወጡና ቀንድ አውጣ አጠገብ ቆመው ጎማዋን በእርግጫ መቱት። ከዚያ «አርባ አራት ዓመት» አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሥራውን ብቻዋን ሠራችው። አሥራ ሁለተኛው ፊልትሮ ከነካርቶኑ ተገዝቶ ተቀምጦ ነበር፤ ስትከፍተው ግን ጎሚኒ የለበትም። ቤቱ ሁሉ ተፈለገ። በመጨረሻ በቀንድ አውጣ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። በውስጡ ሃያ አራት ጎሚኒዎች፣ ሁሉም ከነፕላስቲካቸው፣ ተደርድረዋል። በላያቸው ላይ በጋሽ ቆይ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «ለችግር ጊዜ»። ታዲያ ዳገት ላይ በሽንኩርት መኪና መጎተት ምን ሊባል ነው? የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን ይዛ ግቢው መሃል ጮኻለች፤ የተናገረችው እዚህ አይጻፍም።

ጋሽ ቆይ አየር እንዳይገባ ብለው በጉልበት ያጠበቁት የፊልትሮው ብሎን ተፈታ። ናፍታው በክርኗ በኩል ወርዶ ሸሚዟን አበላሸው። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች ሲነኩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰባበሩ። ቦታቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ከአዲሶቹ ሁለቱን በጣቷ ናፍታ ቀብታ ከአዲሱ ፊልትሮ ጋር ገጠመቻቸው። ናፍታውን ወደ ፊልትሮው የሚስበውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ገፋችው። የአየር ማስወጫዋን ብሎን ስታላላት መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ናፍታ ወጣ። አጥብቃ ዘጋችው። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞሮ እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀንድ አውጣ ተነሣች፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉም ሳትጠፋ ቆየች።

ጋሽ ቆይ መስኮት አጠገብ ተኝተው ነበር። «የማን መኪና ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ናት አባባ።»

ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ። «የትኛውን ጎሚኒ አስገባሽ?»

«አዲሱን።»

ቤተሰቡ የሚመጣውን ቁጣ ጠበቀ።

«ስንት ቀረ?»

«ሃያ ሁለት።»

«እሺ» አሉ፤ «ይበቃል።»

ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው እየነዳ ወደ ባሕሩ አምስት ሰዓት ተጓዙ። ጋሽ ቆይ ከኋላ አልጋው ላይ ሆነው በየዳገቱ ማርሽ መቼ መቀየር እንዳለበት ሲነግሩት፣ እሱም «እሺ አባባ፣ እሺ አባባ» ሲል፣ ሁለቱም ተበሳጭተው ደረሱ። መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመችም። ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጋሽ ቆይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ «እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከካላንደሩ ይበልጣል» አሏቸው። ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ፣ «በል እንሂድ፣ ይበርድሃል» አሉ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ቆይ።

በሕይወታቸው ከተናገሩት «ቆይ» ሁሉ ማንም ሳይበሳጭ የሰማው ያ ብቻ ነው። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ድረስ ቆየን።

ጋሽ ቆይ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ጠዋት፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ እንዲሁም የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሰው አክባሪ፣ ቃላቸውን ዘግይተውም ቢሆን የሚጠብቁ፣ ሲመክሯቸው የማይሰሙ ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በር ላይ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ተነብቦላቸዋል። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«‹ብቻዋን ሠራችው› ነው ያልሽው? ብሎኑ አልፈታ ብሎሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ስትነፋረቂ፣ በመዶሻ መትቼ የፈታሁልሽ እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።»