ሰባት ጊዜ የተከፈተው በር

እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ክንዴ ብቻ ዝሏል። ሦስት ሆነን በአንድ ስልክ ለምንሠራው አጭር ፊልም ድምፅ የምቀዳው፣ ማይክሮፎኑን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ ነው።

ትናንት የመጨረሻውን ትዕይንት በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ቀረጽን። እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይ ስለታመመች ልብስ ሰፊዋን ለመንናቸው። ሥራቸው ቀላል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የመጣው ልጅ ሲያንኳኳ ከፍተው "አላውቅህም" ማለትና በሩን መዝጋት። ሰባት ጊዜ ሞከርን። ሰባቱንም ጊዜ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ ከፈቱና "ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?" አሉት።

ዳይሬክተሩ "እማማ፣ ውሸት እኮ ነው" ቢላቸው፣ "እሱንማ አውቃለሁ፤ እጄ እሺ አላለኝም እንጂ" አሉ።

እሱም ጽሑፉን አጥፎ ኪሱ ከተተና "በቃ፣ ይግባ" አለ። ልጁን የሚጫወተው ተዋናይ ሦስት ሳምንት የተለማመደው ተመልሶ መሄድን ነበር። ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ስላልተነገረው፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ በሰጡት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ።

የእኛ ቤት ቢሆን በአንድ ቀረጻ እንገላገል ነበር። አባባ "ከነፊልምህ ውጣ" ሲለኝ ልምምድም አላስፈለገውም።

የምጽፍበት ካርድ ሞላ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የክንዴን ነገር ለእማዬ አትንገሪያት። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሳንኳኳ ግን አንቺ እንዳትነሺ። አባባ ራሱ ይክፈት።

ወንድምሽ