ዘይነብ ስትበላ የሚያሳይ ፎቶ

ሰኞ፣ ጥር 2፣ ጠዋት

ማሽኖቹን ከፈትኩ። አራተኛው ዛሬም አኩርፏል። ኡስታዝ ሀሺም፣ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት፣ ቫይረስ ሰለቸኝ ብሎ ሁሉንም ሊኑክስ ወደሚባለው ሥርዓት አዞረው፤ ሲዲዎቹን አሳየኝና «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም ብሎ ሄደ። ሙሽኪላዋ እኔ ጋ ቀረች። ይሁን። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር መሀል በጥላ ሥር ተቀምጬ እሠራለሁ፣ ተመስገን።

ዘይነብ መጣች። ካላክላ ሰፈር አንድ ግቢ አብረን የምንኖረው የወሎ ልጅ፣ ሰው ቤት የምትሠራው። ታይፎይድ ጥሏት ከርሞ ገና መቆሟ ነው። ፊቷ ግን ልክ አይደለም። የወንድሟ ልጅ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደውሎላታል። አገር ቤት ሞታለች ተብሏል! ከዚህ የተመለሰች አንዲት ሴት ናት አሉ ያወራችው።

እናቷ ገጠር ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም። ስልክ አይረዳቸውም። ሰይድ በምልክት ደህና ናት ቢላቸው አላመኑም። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር መርዶ እስኪነገር ድረስ ማን ደህና ያልሆነ አለ? ደህና ናት ባሏቸው ቁጥር መሞቷን እያረጋገጡላቸው ነው።

ፎቶ ይላክላቸው፣ ለአረፋ ይድረስ ተባለ። ቃል ገባሁ። ምን ችግር አለው ብዬ!

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ኡ. ሀሺም ካሜራውን አዋሰን። ፎቶው ያምራል፣ ግን ከባድ ነው። የሰይድ ኢሜይል አልቀበልም አለ፤ ቢቀበልም እዚያ ሳይከፈት መስመሩ ይቆረጣል። ፎቶ የሚያሳንስ ፕሮግራም አወረድኩ፣ ጫንኩ። ላስነሳው ስል፦ ሊብጄፔግ የሚባል ላይብረሪ፣ ፕሮግራሞች የሚዋዋሱት መሣሪያ፣ የለም፤ ያለሱ አልሠራም። ወንፊት ከጎረቤት የሚዋስ ቤት ማለት ነው። ጎረቤቱ ከሌለ ዱቄቱ አይነፋም።

ከሰዓት። ትዕግሥቴ አለቀ። በራሴ መላ ፊቷን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ቆረጥኩ፣ ቀለሙንም አጠፋሁ። ፎቶው ቅልል አለ። ላክሁ፣ ሄደ! ብልጥ ነኝ ብዬ ራሴን ሻይ ጋበዝኩ።

ዓርብ፣ ጥር 6

አበስኩ ገበርኩ! ማስታወሻዬ፣ ምን እንደሠራሁ ስሚ።

ሰይድ ደወለ። እናትየው በደንብ ይዩት ብሎ ፎቶ ቤት ወስዶ አሳድጎታል። ጥቁርና ነጭ፣ ጉርድ፣ ትልቅ። ከስደት እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ለቅሶ ቤት የሚቆመው ፎቶ ነው! እናት አይተው ጮኹ። መንደሩ ተሰበሰበ። ድንኳን ሊተከል ሲል ሰይድ ለምኖ አስቆመ። መርዶውን በገዛ እጄ ላክሁ ማለት ነው። እጄን ይቁረጠው።

ለዘ. ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እንዲህ ያለች ሰው ጎረቤት ለሰጠኝ ምን እላለሁ።

እናትየው በሰይድ በኩል አንድ ነገር ጠይቀዋል፦ ስትበላ አሳዩኝ። የሞተ ሰው አይጎርስም።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

ሆሹ፣ ግቢያችን ውስጥ አነሳኋት። ፉል፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ። ከበሽታ የተነሳ ሰው አበላል! እያነሳኋት እንደሆነም ረሳች። ጉንጯ ሙሉ፣ ዘይቱ አገጯ ላይ፣ ከኋላዋ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። አሁን ምንም አይቆረጥም፤ ትሪውም፣ እጇም፣ ቀለሙም ይታይ። ስለዚህ ያ ፕሮግራም የግድ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 9

ሊብጄፔግን ከምንጩ አውርጄ ገነባሁት። ገባ። ፕሮግራሙን አስነሳሁ፦ ላይብረሪው የለም! እንዴ! ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓይኔ እያየው? ሰደብኩት። ደንበኛ ዞር ብሎ አየኝ። አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ፣ ያው። ከዚያ ከህረባው፣ መብራቱ ጠፋ። አረፋ ሐሙስ ነው።

መብራት ሲመለስ የሊኑክስ ሰዎች የሚረዳዱበት የኢሜይል ቡድን ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ተስፋ ሳይኖረኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 10

መልስ! ከማን እንደሆነ አላውቅም፣ አገሩንም አልጻፈም። በትሕትና ያስረዳኛል፦ ላይብረሪውስ አለ፣ ማሽኑ ግን እዚያ ፎልደር ሄዶ አይፈልግም። የፎልደሩን አድራሻ የመፈለጊያ ፋይሉ ላይ ጨምሪ፣ ከዚያ ኤልዲኮንፊግ የምትባለውን ትእዛዝ ስጪ። እንዳለኝ አደረግሁ። ሊብጄፔግ ተገኘ! ወዲያው ደግሞ ሊብፒኤንጂ የሚባል ሌላ ላይብረሪ የለም አለኝ። አልተናደድኩም፤ ጠባዩን ለምጄዋለሁ። እሱ ሦስተኛው ሲዲ ላይ ነው፣ ሲዲው ኡ. ሀሺም ቤት። ደወልኩ። በዚህ አቧራ ንፋስ፣ በዓል ሊገባ ሲል፣ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ልጆቹ በግ እየጠበቁት ነው። ያላ፣ ያላ እያለ አጠገቤ ቆመ።

ሠራ። ፎቶው ቀለለ፣ ሽንኩርቱ እንኳ ይለያል። ላክሁ። ሰይድ ደረሰኝ አለ። እልል ልል ነበር፣ ኡ. ሀሺምን አፈርኩት።

ዘ. ለዚያ ሰውዬ ዱዓ ልታደርግ ስሙን ጠየቀችኝ። አላውቀውም አልኳት። አላህ ያውቀዋል አለችና እጇን ዘረጋች። እኔም በልቤ አሜን አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ከሰይድ ድምፅ የለም፤ ገጠር ወርዷል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም። ዘ. ምግብ አልቀመሰችም። ይኸኛውንም ለቅሶ ካደረጉትስ ትለኛለች። ኢንሻአላህ አያደርጉትም እላለሁ። ስልኩን ግን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

ዓርብ፣ ጥር 13፣ የአረፋ ማግስት

ደወለ!

እናትየው ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ወረቀቱን በጥፊ መቱት አለ ሰይድ። በግራ እጇ! ዛሬም በግራ እጇ ትበላለች! ስንት ቀን ገርፌያት! እያሉ ጮኹ፣ ሲቆጡም እንባቸው ይወርድ ነበር። ከዚያ የኔዋ ናት ብለው ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። አረፋውን ዋሉ፣ በሉም። አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን፣ ሁለቱንም እላለሁ።

ፎቶውን አውጥተን አየን። እውነት በግራዋ ነው! ሰው ፊት ትጠነቀቃለች፤ የዚያን ቀን ርሀቡ አስረሳት። እኔም አላስተዋልኩም።

ዘ. ይኸው አጠገቤ ቆማለች። አፍራለች። በቀኜ ስበላ አንሺኝና ላኪላት፣ ዛሬውኑ፣ እያለች ትለምነኛለች።

አልልክም። ይቆጧት።