ያልተፈተገ ሩዝ ውስጥ የቀበርኳት ካሜራ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

አልበራ አለች። ባትሪዋን ሦስት ጊዜ አውጥቼ አስገባሁ፤ ዝም። ትናንት ለጥምቀት ጠበሉ ሲረጭ ከፊት ቆሜ ነበር። ከፊት የቆምኩት ዮናስ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። እሱ ግን ፎቅ ላይ ወጥቶ ጠብታ ሳይነካው አነሳ።

ዮናስ አምና ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት የከፈተው ጎረምሳ ነው። አዲስ ካሜራ፣ የመስታወት በር፣ የማያልቅ ደንበኛ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ጨዋነቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለኝ ያንገበግበኛል።

እሑድ የወንድሜ ልጅ ሰላም ታገባለች። የክርስትናዋን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የሠርጓንም ሌላ ሰው አያነሳም።

ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ «ሩዝ ውስጥ ቅበሩት፣ እርጥበቱን ይመጥላችኋል» ሲል ሰማሁ። የሩዝ አገር ወረታ ተቀምጬ ሩዝ ልጣ? ከወንድሜ ቤት አንድ ማዳበሪያ አስመጥቼ ቀበርኳት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

በራች! ብቻዬን እልል አልኩ።

ግን ሌንሷን ሳዞር ክርክር ትላለች፣ አሸዋ የቃመች ይመስል። ፎቶው ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ። በመነጽሬ ጠጋ ብዬ ባይ እብቅና አቧራ ነው። ለካ ሰውዬው የሚበላውን ነጭ ሩዝ ማለቱ ነው! እኛ ቤት ሩዝ ሲባል ገና ያልተፈተገ፣ ከነገለባው ነው። ምን ዓይነት ጅል ነኝ።

ሰላም መጣች። «አክስቴ፣ ካልሆነልሽ እኮ ዮናስ አለ» ብላ የሱን ፎቶዎች ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ቆንጆ ናቸው። ይህን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው። «ትደርሳለች» አልኳት። እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ፈታኋት። የተጠቀምኩበት፦ ትንሿ የመነጽር ካቻቪቴዬ። ጥጥና አልኮል። አቧራውን ለመንፋት የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ። ብሎኖቹን በተራቸው ለመለጠፍ ፕላስተር።

ፍላሹ አጠገብ ጣቴን ብሰድ ነዘረኝ፤ እስከ ክርኔ። ተሳድቤ ቀጠልኩ። እብቁን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ስገጥማት አንዲት ብሎን ተረፈችኝ።

ሰላምንና እጮኛዋን ዛሬ ዮናስ ርብ ወንዝ ዳር ፎቶ አነሳቸው። «ለሙከራ ነው» አለችኝ። ለሙከራ! ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት ሃያ ፎቶ አነሳሁባት። ንጹሕ። ሠራች!

ለሰላም ልደውል ስል ዮናስ ደጃፌ ላይ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ትናንት ወንዙ ዳር ካሜራው ከነቦርሳው ውሃ ገብቶበታል። «እትዬ፣ የእርስዎም ረጥባ ነበር አሉ። በምን አደረቋት?»

«ሩዝ ውስጥ ቅበረው» አልኩት።

ምን ዓይነት ሩዝ እንደሆነ አልነገርኩትም። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ በመስኮት አየሁት፤ ማዳበሪያ ተሸክሞ ሲገባ። ያን ካሜራ እናቱ ሁለት በሬ ሸጠው ነው የገዙለት። ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለቴም ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

በጠዋት መንገዱን ተሻገርኩ። ሰላምታም ሳልሰጥ «አውጣው» አልኩት። ረፍዷል፤ ሌንሱ እንደኔዋ ክርክር ይላል። ሁሉንም ነገርኩት፣ አውቄ መደበቄን ጭምር። ካቻቪቴዬንና ጎማዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እንዲያባርረኝ ጠበቅኩ። ወንበር ሳበልኝ። እስከ ቀትር አብረን ፈታን፣ ነፋን፣ ጠረግን። የእሱ ከኔዋ ይልቅ ውስብስብ ነው፤ ገና አልበራም።

ሰላም መጥታ «ነገ ማን ነው የሚያነሳኝ?» አለች።

«እትዬ ናቸው» አላት፣ ቀና ሳይል።

እሷ ስትወጣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «እትዬ፣ ትናንት የእርስዎ ባትሠራ ኖሮ፣ ዛሬ መጥተው ይነግሩኝ ነበር?»

ካቻቪቴዬን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

ነገ የወንድሜን ልጅ ሠርግ የማነሳው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁት ይህን ነበር። ለዮናስ ጥያቄ ግን አዎ ብዬ ልጽፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።