የጀማሪ መምህራን አለኝታ፦ የመምህርት ኮከብ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

መምህርት ኮከብ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም አምሐ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ ወርቁ በ1952 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደጀን ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጎጃም አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1972 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ይገዙ ቢቂላ ጋር ትዳር መሥርተው ራዕይንና ኑሕን ወልደዋል። በ1981 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው፣ ቀራንዮ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል።

በ1998 ዓ.ም. የጀማሪ መምህራን አማካሪ ሆነው ተመደቡ። በዚያው ዓመት ሃና የምትባል ከኮሌጅ የወጣች ወጣት ሰሌዳ ላይ የክፍልፋይ ስሌት ስትሳሳት፣ ኋላ ተቀምጠው ይከታተሏት የነበሩት መምህርት ኮከብ ተነሥተው ተማሪዎቹ ፊት አረሟት። ልጆቹ ሳቁ። ሃና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ይቅርታ ሊጠይቁ ዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ተከራየችበት ቤት ቢሄዱ «ለቃለች» ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። አዲስ መምህር ሲመጣ አስቀድመው ወደ ራሳቸው ክፍል ይጋብዙትና «ቁጭ በልና የእኔን ስህተት ልቀም» ይሉታል። የእሱ ተራ ሲደርስ ኋላ ወንበር ላይ እስክሪብቶ እንኳ ሳይዙ ይቀመጣሉ። እርማቱን የሚነግሩት ከሥራ ሲወጡ፣ ወደ ፌርማታ አብረው እያዘገሙ ነበር፤ ወሬው ካላለቀ ሁለት ሦስት ታክሲ ያሳልፋሉ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም የሃና ነገር ከሆዳቸው አልወጣም።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ባለፈው ጥር መታመማቸውን የሰሙት መምህርት ሃና ሊጠይቋቸው ቤት መጡ።

«ልጄ፣ በእኔ የተነሣ ሥራሽን የተውሽ መስሎኝ ስንት ዘመን ተብሰከሰክሁ!» አሏቸው መምህርት ኮከብ።

«ኧረ እትዬ ኮከብ! ትምህርት ቤት ቀየርኩ እንጂ ማስተማሩን መች ተውኩ? ሳንሱሲ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ነው ያለሁት። አሁንማ ጀማሪዎችን የማለማምደው እኔ ነኝ» አሉ መምህርት ሃና።

መምህርት ኮከብ «እፎይ!» ብለው ትራሳቸውን ተደገፉ። ለቀናት አልቀምስም ያሉትን ሾርባም ያን ዕለት ራሳቸው ጠይቀው ጠጡ።

የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በ65 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ያለ ጣር ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ሸክማቸውን በቁማቸው ያቀለለላቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን።