ከሁሉ ኋላ ይነዱ የነበሩት መካኒካችን በሜዳው ላይ ብቻቸውን ስለ ማረፋቸው

የረጅም ርቀት ብስክሌተኞች ማኅበራችን ነባሩ አባላችን መካኒኩ፣ ሁላችንም «ጭራው» እያልን የምንጠራቸው፣ ባለፈው ቅዳሜ ሜዳውን በሚያቋርጠው ዓመታዊ ጉዟችን ላይ በሞት እንደተለዩን ለአባላት፣ ለወዳጆችና ለሕዝቡ ሁሉ ያስታውቃል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ከሀዘኑ ጋር ደግሞ ጥርጣሬ አለብን። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት እንናገራለን፤ ያልወደደው አያንብበው።

ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት መሰብሰቢያ አልነበረንም። ሟች የጥገና ሱቃቸውን ለቀቁልን። አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጠን፣ የብስክሌት ካቴናው ራሳችን ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጃችን ግሪስ በግሪስ ሆኖ ነው ማኅበር የሆንነው።

በሁለተኛው ዓመት የሜዳው ጉዞ ተጀመረ። ያንን ሜዳ ያላየ ሰው ሜዳ ሲባል ቀላል ይመስለዋል። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ ንፋሱን «ተው» የሚለው ነገር የለም። ፊት ለፊት ሲመጣ ደልዳላውን ዳገት ያደርገዋል፤ ከጎን ሲመጣ መሪህን ቀምቶ ቦይ ውስጥ ይከትሃል። አንዱ ባንዱ ጀርባ ተከልሎ፣ ፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ እየዞረ በየተራ መንዳትን ያስተማሩን ሟች ናቸው። ንፋሱ ድምፅ ስለሚበላም የእጅ ምልክት አወጡልን። መዳፍ ወደ ፊት ሲገፋ «እለፉ» ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም «ቁሙ» ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታቸው ከሁሉ ኋላ ሆነ፤ የደከመውን እየለቀሙ፣ ጎማ የፈነዳበትን እየጠገኑ። ወጣቶቹ «ጭራው» ሲሏቸው «ጭራ ያላችሁኝ እናንተ ጭንቅላት ሆናችሁ ነው? እኔ ፊት ከሄድኩ እናንተን ማን ሊገፋ ነው?» ይሉ ነበር። አንድ ሰው ሜዳው ላይ ጥለው ገቡ ተብሎ አያውቅም።

ጎርፍ መንገዱን በቆረጠበት ዓመት የልብስ ሰፊው አባላችን ፔዳል ተሰበረ። ሟች የልብስ ሰፊውን ብስክሌት በውስጠኛ ጎማ ከራሳቸው ብስክሌት ጋር አስረው፣ ሰውየውን ከነብስክሌቱ ጎትተው ከተማ አስገቡት። ይህን የምንጽፈው ለምስጋና ብቻ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሊመሽ ሲል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሟችን ጀርባቸውን ለብስክሌታቸው ሰጥተው፣ መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል። ሐኪሙን አንጠረጥርም። ነገር ግን ሞቱ ድንገት እንዳልሆነ፣ ተቀምጠው እንደቆዩም ነግሮናል። ባለቤታቸው የጠየቁን አንድ ነገር ነው፦ «ብቻውን ለምን ሞተ?»

ከሟች ጋር መጨረሻ የታዩት ሁለት አባላት ናቸው፤ ልብስ ሰፊውና ፋርማሲስቱ። ጠርተን ጠየቅናቸው።

ፋርማሲስቱ «ሂዱ አሉን፣ ሄድን» አሉ።

«በዚያ ንፋስ የማን ጆሮ ነው የሰማው?» አልናቸው።

«በእጃቸው ነው ያሉን።»

«እጃቸውን እንዴት አድርገው?»

«እንዲህ ወዝወዝ አድርገው» አሉ። በማኅበራችን ወዝወዝ የሚባል ምልክት የለም። ልብስ ሰፊውን ስናየው ጫማውን ያያል። «ጋሼ፣ እኔ ፊት ፊቱን ነበር የማየው» አለን። ፊት ፊቱን የሚያይ ሰው ጫማውን ለምን ያያል? እኛም እዚያ ላይ ያዝነው።

በር ዘጋቢውንም ጠየቅን። በመድረሻው ላይ በሩ ከመዘጋቱ በፊት የገባ ሜዳሊያ ያገኛል፤ ዘግይቶ የገባ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱ የገቡት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ዘጋቢው «ከኋላ ሰው አለ?» ቢላቸው «ጭራው እያረፉ ነው፣ ይመጣሉ» ብለውታል። ይህን የመለሰው ማን እንደሆነ ዘጋቢው ለይቶ አላስታወሰም። እኛ ግን መገመት አላቃተንም።

ማክሰኞ ዕለት ልብስ ሰፊው ብቻውን ወደ ሟች ቤት መጣ። እኛም ነበርን። ግባ ሲባል አልገባም፣ በሩ ላይ ቆመ። ባለቤታቸው «ልጄ፣ እኔ አልቆጣህም። ብቻ እጁን እንዴት እንዳደረገ አሳየኝ» አሉት።

ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳ።

«ይሄማ ቁሙ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ቤት ውስጥ ስጨቀጭቀው እንኳ ክንዱን እንዲህ ነበር የሚያነሳብኝ። እኔማ አውቀዋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ክንዱን ሳያወርድ ተናገረ፦ «አይቻለሁ እማማ። ‘እጃቸውን አነሱ እኮ’ ብዬ ጮህኩ። ፋርማሲስቱ ጎኔ መጥተው ‘ደህና ናቸው፣ በሩ ሊዘጋብን ነው’ አሉኝ። እኔም ሜዳሊያውን ፈለግኩት።»

ባለቤታቸው ተነስተው ክንዱን በእጃቸው አወረዱለት። «ቁጭ በል አሁን» አሉት።

ፋርማሲስቱ አሁንም «ወዝወዝ ነው» እንዳሉ ናቸው። ይህ መግለጫ «በንፋሱ ጉልበት ተሸንፈው» ይበል ብለው ሰው ልከውብናል፤ ለማኅበሩ ስም የሚሻለው ይህ ነው አሉ። ማኅበሩ ግን በዚያ ንፋስ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ተሸነፉ ብሎ አይጽፍም። ለሞታቸው ፋርማሲስቱን ተጠያቂ አላደረግንም፤ ልብ የራሱ ሰዓት አለው። ብቻቸውን መሞታቸው ግን የሰው ሥራ ነው። ከእኛ ውስጥ ሚስቱን የቀበረ አለ፤ እሱ እጇን ይዞ ነው የሸኛት። ለእኚህ ሴት ይህችም አልደረሰቻቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለሟች ባለቤት፣ ለልጆቻቸውና ለሱቃቸው ደንበኞች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለልብስ ሰፊውም እንዲሁ፤ መጥቷልና። ለፋርማሲስቱ የሚገባው መጽናናት ግን እኛው ዘንድ ይቆያል፤ ሄደው በእኚያ ሴት ፊት ክንዳቸውን እስኪያነሱ ድረስ።